ረቡዕና ዓርብ የሚያዞራቸው

ደብረ ታቦር ውስጥ የስኳር ሕሙማንን የማስተምር ነርስ ነኝ፤ ያን ጊዜ በትምህርቴ በጣም እኮራ ነበር። «የኢንሱሊን መርፌው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝንፍ ሳይል!» እያልኩ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። ተማሪዎቼ በዕድሜ አባቶቼና እናቶቼ ናቸው፤ ቁጣዬን ችለው ይሰሙኛል።

ትምህርቱ ምን እንደጎደለው ለማወቅ መጠይቅ አስሞላን። «መድኃኒትዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?» ለሚለው ሁሉም ማለት ይቻላል «አዎ» አሉ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ነገር ሳያጣራ እንቅልፍ የማይወስደው የሥራ ባልደረባዬ ግን «አዙሮዎት ያውቃል? በምን ቀን?» የሚል ጥያቄ ጨምሮ ነበር። እኔማ ወረቀት ማባከን ነው ብዬ ስቄበታለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መልሶቹን እሱ እያነበበ እኔ እጽፋለሁ። «ረቡዕ። ዓርብ። ዓርብ። ረቡዕ…» እስክሪብቶዬ ቆመ።

«የጾም ቀን ነው!» ብዬ ከወንበሬ ዘለልኩ።

በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ መርፌውን ግን እኔ ባልኩት ሰዓት ይወጋሉ። በባዶ ሆድ! ስኳራቸው ቁልቁል ይወርዳላ! እኔ ራሴ ረቡዕና ዓርብን የምጾም ሴት፣ አንድም ቀን ስለ ጾም አልጠየቅኋቸውም። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስታው ከእፍረቱ በለጠ። የሚያዞራቸውን ምክንያት አገኘነዋ! ባልደረባዬን ሳቅፈው ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ወረቀቱን ስለቃቅም ዓይኔ አንዱ ላይ ቀረ። የሞሉት ከጉና ተራራ ሥር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ እንደ እሳቸው ታዛዥ የለም። ሁለት ጊዜ አዙሯቸው ወድቀዋል፤ ሁለቱም ዓርብ ነው። ነገ ዓርብ ነው። ሰኞ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሊጾሙ ነው። ብደውል፣ ብደውል ስልካቸው አይሠራም።

ዓርብ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ስድስት ሰዓት ገደማ ስደርስ ሽማግሌው ከንስሐ አባታቸው ጋር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ሁሉ የጉና ብርድ ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቶሎ ብዬ የያዝኩትን ስኳር በኩባያ ውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው።

«ስኳር እንዳልቀምስ የከለከልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሉ ኩባያውን እየገፉ። «ሰዓቱስ መች ደረሰና?»

«አባቴ፣ መርፌ ተወግተው ባዶ ሆድዎን ነው የዋሉት። ካልጠጡ ይሞቱብኛል» አልኩ።

ቄሱ ኩባያውን ከእጄ ተቀብለው ባረኩት። «ሕመምተኛ የጾም ሰዓት የለበትም፤ እኔ ፈትቻለሁ፣ ይጠጡ» አሉ ቆጣ ብለው።

ጠጡ። ጥቂት ቆይቶ ላባቸው ደረቀ፣ እጃቸውም ጸጥ አለ። እንደ ሕፃን እየሳቅሁ አለቀስኩ። ወዲያው ቄሱን፣ ከሁዳዴ በፊት ደብረ ታቦር መጥተው ከጎኔ ቆመው እንዲያስተምሩልኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። የመርፌውንም መጠንና ሰዓት ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ታካሚ እንዲያስተካክል ልጠይቀው እዚያው ወሰንኩ።

ሽማግሌውን ስሰናበት ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«አባባ፣ እንደሚጾሙ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ፣ ልጄ? ስትቆጪ ዝም ብዬ እሰማሽ ነበር እንጂ።»