ያልተመለሰ ሰላምታ

ወልድያ ዓይኔን የለካኝ ሐኪም፣ «ግፊቱ ጨምሮ ከዓይንሽ ኋላ ያለውን ነርቭ እየጎዳው ነው። ግላኮማ ይባላል፤ ሳያሳምም እይታን ከዳር ከዳር ይበላል» ሲለኝ አባቴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ማንጎ በሚሸተው መርሳ ገበያ፣ ጎረቤታችን አያ ይመር ከጎናቸው ሆነው እጃቸውን ለሰላምታ ቢዘረጉላቸው አባቴ ዝም ብለው አለፉ። አያ ይመር «ኮራብኝ» ብለው ተቀየሙና ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ኧረ አላየሁትም!» አሉ አባቴ።

«ክር በመርፌ የምታሾልክ ሰውዬ፣ ይህን የሚያህል ይመር ተሰወረብህ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ሁሉም ሳቀ።

አባቴ ግራ እንደገባቸው «እንግዲያ ማረኝ» ብለው ተሳሳሙ። ኋላ ዓይናቸው ጭራሽ ሲጠፋ እርጅና ነው አልን።

«ከቤተሰብሽ ይህ ሕመም የነበረበት አለ?» አለኝ ሐኪሙ።

እኛ ቤት የሚወራው ስለ አባቴ ኩራት እንጂ ስለ ዓይናቸው አልነበረም።