«ያዝክ?» የሚለኝ ድምፅ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ዝም ብል የሚያንቀኝ ነገር ስላለ ነው የወጣሁት። ትምህርቱን ከሰባተኛ ነው የተውኩት፣ ንግግር አላሳምርም፤ ታገሱኝ።

እኔ ቢቸና ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ኩንታል ጤፍ ተሸክሜ ሰው የምሰድብ! ሥራችን ሕግ አለው። አሸካሚህ ከኋላ ጆንያውን ጫንቃህ ላይ ያደርግና «ያዝክ?» ይልሃል። «ያዝኩ» ካላልክ አይለቅም። «አልያዝኩም» ያለ ጫኝ ደግሞ የገበያው መሳቂያ ነው። እኔ ብዬም አላውቅ። አንድ ቀን አሸካሚዬ ይበልጣል «ያዝክ?» አለኝ፤ «ያዝኩ» አልኩ፤ ለቀቀው። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ እግሬ የኔ አልሆነም።

ሐኪሙ የተነሳሁትን የወገብ ፊልም አይቶ፣ «ዲስክህ ተንሸራቶ ነርቭህን ተጭኖታል። ከእንግዲህ ሸክም የሚባል የለም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ልብላ፣ ፊልሙን?» አልኩት።

ነገሩ የመጣው ከዚያ ነው፣ ወገኖቼ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ቤት ተኝቻለሁ፣ በሩ ዝግ ነው። ከኋላዬ፣ ከግድግዳው በኩል፣ «ያዝክ?» አለኝ። የይበልጣል ድምፅ! አፌ ለምዶ የለ፣ «ያዝኩ» አልኩ። ኩንታሉ ወረደብኝ! ጆንያ የለም፣ ሰው የለም፤ ክብደቱ ግን አለ። የጤፍ አቧራ ሸተተኝ። ለይበልጣል ደወልኩለት።

«አንተ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?»

«የምን ቀልድ? ደጀን መኪና እያራገፍኩ ነው እኮ!»

ድምፁ በየቀኑ መጣ። ጥርሴን ብነክስም አፌ ያመልጠኛል። በመለስኩ ቁጥር ይጨምርብኛል። ውሃ ለመቅዳት እንኳ መሬት ለመሬት እየተጎተትኩ ሆነ።

እዚህ ሞጣ ያለችው እህቴ መጥታ፣ «ተነሳ ወንድምዓለም፣ ይጸለይልህ» አለችኝ። ጓደኞቼ ሚኒባስ ላይ ሲያስተኙኝ፣ «ጴንጤ ደግሞ ወገብ መበየድ ጀመረ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ!

እዚህ ምንጣፍ ላይ አስተኛችሁኝ። ወንጌላዊው እጃቸውን ጭነውብኝ፣ እናንተም ጮክ ብላችሁ ስትጸልዩ፣ ከጩኸታችሁ ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ «ያዝክ?» አለኝ። እጄን የያዘችው እህቴ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። ሰምታለች!

«እንዳትመልስለት» አለችኝ።

እኔ ግን መለስኩ። «አልያዝኩም! ጌታ ኢየሱስ፣ አንተ ያዘው!»

ከኋላዬ ዱብ አለ። ዞረን አየን፤ ምንም የለም። እህቴን ግን አቧራው አስነጠሳት። ሃሌሉያ! እግሬ ሞቀ!

ለምን ልዋሽ፣ የዚያን ቀን አልዘለልኩም። በከዘራ ነው የወጣሁት። ሐኪሙ ያዘዘልኝን እንቅስቃሴ ዛሬም እሠራለሁ፣ ሸክምም አልነካም። አሁን እህል መጋዘን ተቀምጬ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። በእጄ ሠርቼ እበላለሁ፣ ስሙ ይክበር!

ድምፁስ ጠፋ? አልጠፋም። ትናንትም ስሰፋ ከኋላዬ ቆመ። «ያዝክ?» አለኝ። መርፌዬን አላቆምኩም። «አልያዝኩም፣ የያዘው ሌላ ነው» አልኩት።

አንተ፣ ከኋላ ወገብህን ይዘህ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ ዛሬ ና። መሳቂያ እሆናለሁ ብለህ አትፍራ። ሲጠይቅህ «አልያዝኩም» በለው። ጌታ ይይዝልሃል።