ጋሼ በላቸው ያላገቧት ጎል

በዚህ ጸደይ የጓሮዬን የእንጨት ወለል ልቀባ ብዬ የተልባ ዘይት ገዛሁና፣ ገና ቆርቆሮውን ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ብሩሹን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሌላው አበሻ ተልባ ቢሸተው ጾም ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ ያለኝ የጋሼ በላቸው የክሪኬት ዱላ ነው። ጠፍጣፋና ከባድ ኳስ መምቻ ነው፤ እንዳይሰነጠቅባቸው በየጊዜው የተልባ ዘይት ይቀቡት ነበር። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ ሰው በጾም የሚጠጣውን ተልባ እንጨት የሚያጠጣ ባል ገጠመኝ እያሉ ያጉረመርማሉ። ይህን አስታውሼ መሳቅ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። ጋሼ በላቸው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ እኛ ግን በቀብራቸው ቀን የሠራንባቸውን ሥራ እስካሁን አልዋጥኩትም።

ልጅ ሆኜ እዚህ ኮሎምበስ፣ ከቤክስሊ ሰፈር ወዲህ ባለ የአፓርትመንት ግቢ እኛ ፎቅ፣ እነሱ ምድር እንኖር ነበር። እሳቸው ግሮቭ ሲቲ ባለ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ ውለው የሚገቡ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ለሚያያቸው እንደ ማንኛችንም አባት ናቸው። ግን አዲስ አበባ ሳሉ ኳስ በመጫወት ብቻ ደመወዝ ከተቀበሉት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበሩ። በሚጫወቱለት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ሌሎቹ ተጫዋቾች ቀን ማሽን ላይ ቆመው ውለው ማታ ሲለማመዱ፣ እሳቸውን የፋብሪካው ባለቤት እግርህ እንዳይደክም ከማሽን ራቅ ብሏቸው ነበር አሉ። እትዬ አስካለን ለማግባት ሽማግሌ ሲልኩ የልጅቷ አባት ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ኳስ ነው ተባሉ። አባትየው ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ይሰፋል ወይስ ይሸጣል አሉ። እትዬ አስካለ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር፤ ባልየውም አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ይላሉ።

ክሪኬቱን ተማሪ ሳሉ ያስተማሯቸው የሂሳብ መምህራቸው፣ ህንዳዊ ሰው ናቸው። በየእሑድ ጠዋት ህንዳውያን መምህራን ተሰብስበው ሲጫወቱ አንድ ሰው ይጎድላቸው ነበርና፣ በር ላይ ቆሞ የሚያየውን ተማሪ ና ግባ አሉት፤ ገብቶ ቀረ። ኮሎምበስ ከመጡ በኋላም አመላቸው አልለቀቃቸውም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ወላጆቼ ሥራ ስለሚገቡ እኔን መኪናቸው ውስጥ ጭነው፣ ህንዶችና ፓኪስታኖች ወደሚጫወቱበት ሜዳ ይወስዱኛል። እዚያ የቅርብ ወዳጃቸው አኒል የሚባል፣ አፐር አርሊንግተን የሚኖር መሐንዲስ ነበር። እኔ ብርቱካን እየላጥኩ ሣሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲጎድል ደግሞ እሮጣለሁ። ልጃቸው ዳንኤል ግን አብሮን መጥቶ አያውቅም። የቅርጫት ኳስና ሙዚቃ እንጂ የአባቱ ወሬ አይጥመውም፤ በአማርኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ መልሶ ክፍሉ ይገባል።

ከእነዚያ እሑዶች አንዷ ከዓይኔ አትጠፋም። ጨዋታው ጦፏል፣ ጋሼ በላቸው እየመቱ ነው፣ ቡድናቸው የተረፈው ተስፋ እሳቸው ብቻ ናቸው። ኳሷ መጣች፣ ስታቸው አለፈች፤ ከኋላ የቆመው ሰው ቀለባት። ዱላውን ነክታ ካለፈች በኋላ ከተቀለበች መቺው ይወጣል፣ ካልነካች ይቀጥላል። ዳኛው ምንም ስላልሰማ ቀጥሉ አለ። ጋሼ በላቸው ግን ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው ወደ እኔ መጡ፣ ከጎኔም ተቀመጡ። ጓደኞቻቸው ከሩቅ ምን ሆንክ እያሉ ይጮኻሉ። እኔም ዳኛው እኮ ቀጥል ብሎዎታል አልኳቸው።

«እሱ አልሰማም፤ እኔ ሰምቻለሁ» ብለው አንድ ብርቱካን አነሡ።

ተሸነፉ። ማንም አልተቆጣቸውም፤ ለካ በዚያ ጨዋታ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ነው ካሉኝ ነው፣ አይደለም ካሉኝ አይደለም።

በየበዓሉ አዳራሽ ስንሰባሰብ ወንዶቹ ቢራቸውን ይዘው ይከቧቸውና፣ ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፈው እንዲህና እንዲያ አድርገው እያሉ ያሞግሷቸዋል። እሳቸው ሁልጊዜ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ተጠባባቂ ነበርኩ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነው ጨዋታውን ያየሁት፣ አንድም ቀን አልገባሁም ይላሉ። ወሬው ይቀዘቅዛል፤ ሰዎቹም ቅር ይላቸዋል። ክሪኬቱን ያነሡ እንደሆነ ደግሞ የህንዶቹ ነገር ተብሎ ይሳቅባቸው ነበር።

ሲያርፉ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ፍሰሃ፣ አማርኛ ታይፕ ስለማደርግ፣ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ አዘዘኝ። የማውቀውን ጻፍኩ፤ ፋብሪካውን፣ ሂሳብ መምህሩን፣ ሜዳውን፣ ተጠባባቂነታቸውንም። ማታውኑ ኮል አደረገኝ። ሰው ያስቅብናል፣ ክሪኬት የሚለው ይውጣ አለኝ። ምን ያስቃል ብዬ ተሟገትኩት፣ አልሰማኝም።

«ደግሞ ቀብር ላይ ተጠባባቂ ነበር ተብሎ አይነበብም። ለክብሩ ብዬ ነው፤ እኔ ፊክስ አደርገዋለሁ» አለና ዘጋው።

ፊክስ አደረገው። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዞ፣ ጋሼ በላቸው ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፈው በመጨረሻዋ ደቂቃ የድል ጎል አገቡ ብሎ አነበበ። ክሪኬት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እነ አኒል፣ አሁን ሁሉም ሽበታም፣ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ከኋላ ተደርድረዋል። የቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች መስለውት ሬሳው መቼ እንደሚወጣ የጠየቃቸው አቶ ፍሰሃ ራሱ ነው። እነዚያ ሰዎች ግማሽ ዕድሜያቸውን አብረዋቸው ተጫውተዋል፤ አንድ ቃል ተናገሩ ያላቸው ግን የለም። እትዬ አስካለ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀምጠው ጎሏን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ይሄ የማን ባል ነው?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ለቅሶ ስለሆነ ከእኔ በቀር የሰማቸው የለም። ማይኩ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው።

ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ እህል ሲቀመስ፣ ከቴክሳስ የመጣው ዳንኤል ዓይኑ ቀልቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ይህን የሚያህል ነገር አድርጎ እንዴት ለእኔ፣ ለልጁ፣ ሳይነግረኝ ሞተ እያለ ያለቅሳል። ሳየው አንጀቴን በላው። ጎል የሚባል ነገር አልነበረም፣ አባትህ ራሳቸው ሁልጊዜ አልገባሁም ይሉ ነበር ብዬ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ሰማኝና ተነሥቶ ወደ አቶ ፍሰሃ ሄደ። ሳህኑን ይዞ ሲያናግረው፣ አቶ ፍሰሃም ትከሻውን አቅፎ ሲያጽናናው አየሁ። የመለሰለትን ግን አልሰማሁም ነበር፤ የሰማሁት ዳንኤል ተመልሶ ሲነግረኝ ነው። ሊቀመንበራችን በልጁ ፊት እንዳያፍር፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያወራልን አባትህ ራሱ ነው ብሎታል።

ሐሰት ነው አልኩት። አባትህ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፣ እናትህን ጠይቅ፣ እነ አኒልን ጠይቅ አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እነ አኒል ምግብ እንኳ ቅመሱ የሚላቸው ስላላገኙ ሄደዋል። ዳንኤል ግን ሊያጽናናኝ ብሎ ነው አለ እንጂ አላመነኝም። እጄን ያዘኝ፣ የደከመ ፈገግታም አሳየኝ።

«ኢትስ ኦኬ። ሁሉም ሰው ትንሽ ያጋንናል። እኔ አባቴን ፎርጊቭ አድርጌዋለሁ» አለኝ።

እሳቸውን የወሰደብን ሞት ነው፤ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ስማቸውን ግን ያጠፋነው እኛው ነን፣ ያውም ለክብር ብለን። ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ አባቱን ከልቡ ይወዳል፤ ውሸታም እንደነበሩም ያምናል።