በእናቴና በጠያቂው መካከል

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወንድሜ ከቤታችን ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ይህን የማያውቅ አልነበረም። ያልታወቀው ሌላ ነው፤ እናቴ በየጠዋቱ አንድ መለኪያ አረቄ ታጠጣው ነበር።

ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። ዳንግላ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አረቄውንም የለመደው እዚያ ነው። እየዋለ እያደረ እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር፣ ሰው ደበደበ፣ አስረው አመጡልን። የንስሐ አባታችን ጠበል አዘዙለትና አረቄ በአፉ እንዳይዞር ገዘቱ። ሳይጠጣ ሲውል ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል፣ ቁርጭምጭሚቱ እስኪላጥ ሰንሰለቱን ይጎትታል። እናቴ አልቻለችም። "ልጄ ሲጮህ ከምሰማ እኔው ልኮነን" አለችኝና በጓሮ በር ታስገባለት ጀመር። ትንፋሹ እንዳይሸታቸው እንግዳ ሲመጣ ደጅ ቆሜ የምመልስ እኔ ነበርሁ። ቤቱ ለሦስታችንም እስር ቤት ሆነ። እውነቴን ነው፣ አንዳንድ ቀን እሱን እጠላው ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ። መጠጥ የሰውን አእምሮ እንዴት እንደሚጎዳ የሚያጠና ነው አሉ፤ ቤት ለቤት እየዞረ የታመመ፣ የታሰረ ሲያገኝ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። እናቴ ከአገውኛ ሌላ አትሰማም፤ እኔ አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበርና አስተርጉሚ ተባልሁ። መንደሩ የሰው ገመና ሲያገኝ መች ይቀራል፣ ግቢውን ሞላው። የንስሐ አባታችንም ፊት ቆመዋል።

"እናቴ፣ ልጅዎ አረቄ ይጠጣል?" አለ ሰውየው።

ተረጎምሁላት። እናቴ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ "የማጠጣው እኔ ነኝ በይው። ለእሱ ብቻ፣ በቀስታ። ምናልባት መላ ይኖረዋል" አለችኝ። እሷ ደፈረች። እኔ ደግሞ የቄሱን ፊት አየሁ።

"ከታመመ ወዲህ ከጠበል በቀር አልቀመሰም ትላለች" አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ሰውየው ጻፈና ቀና አለ። "እንግዲያው የእኛ በሽተኛ አይደለም። መጠጥ የጎዳቸውን ነገ መኪናችን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ይወስዳቸዋል። እዚያ በሰንሰለት አይታሰሩም።"

ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነብኝ። እናቴ እጄን ያዝ አድርጋ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ።

"ተመልሶ ይመጣል" አልኋት። የሰውየውን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች።

ሰዉ ሲበተን ወደ ጋሼ ገባሁ። ከበሩ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ አማርኛም ከሁላችን ይበልጥ ያውቃል። ሁሉን ሰምቷል። የጠዋቷን ስለጠጣ ረጋ ብሎ ተቀምጧል። እሱን ራሱን የጠየቀ ማንም አልነበረም።

"ለምን አልተናገርህም?" አልሁት እያለቀስሁ።

"በሰው ፊት ውሸታም ላስብልሽ?" አለኝ። "አንቺ ገና የምትዳሪ ልጅ ነሽ።"

ያኔውኑ ሮጬ ሰውየው ላይ መድረስ እችል ነበር። አልሮጥሁም። ለእናቴም እስክትሞት አልነገርኋት። መኪናው በማግስቱ አለፈ፤ ጋሼን ከምሰሶው የፈታነው ለግንዘት ነው።