ያልተቀመሰው ዶሮ

እኔን ማንም አላሰረኝም፤ ራሴን ነድቼ ነው የታሰርኩት። እውነቴን ነው። ባጃጄ ላይ ሁለት ሰዎች ተሳፈሩ። አሶሳ ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «ስብሰባ ውሃ ቢሆን ኖሮ ይሄ ከተማ ሐይቅ ነበር» አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ። ሌላኛው «በቀኝ ታጠፍ» አለኝ። ታጠፍኩ። «እዚህ ጋ አቁም።» አቆምኩ። ለካ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ባጃጇን እንኳን አሳምሬ ነው ያቆምኳት፤ እንደኔ የሚያቆም ሹፌር አሶሳ ውስጥ የለም።

ክፍሏ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት በር፣ በሩ ላይ የመዳፍ ያህል ቀዳዳ። ውስጥ አስራ አንድ ሰው። ሣር የሚቃጠልበት ወቅት ስለነበር ጥቁር አመድ በቀዳዳው እየገባ ፊታችን ላይ ያርፋል። ለከተማው አዲስ ነኝ፤ ከቡሬ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። ስንቅ የሚያመጣልኝ ዘመድ የለኝም። እናቴ መታሰሬን አታውቅም፣ ስልኬን ወስደውታል።

ስንቅ የሌለው ካለው ጋር ይበላል፤ የክፍሉ ደንብ ነው። እኔን ወደ ማዕዳቸው የወሰዱኝ አንድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሆሞሻ በኩል የመጡ ገበሬ። ስብሰባ ላይ ስለ መሬት ተነስተው በመናገራቸው ነው የታሰሩት። ሁላችንም ሼህ እንላቸዋለን፤ አማርኛቸው ሴትን ከወንድ አይለይም። እኔን ባጃጅ ይሉኛል። ባለቤታቸው ከተማ ዘመድ ቤት አርፈው በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ገንፎ በባሚያ ያመጣሉ። በር ላይ ሌላ ደንብ አለ፦ ምግብ ያመጣ ሰው ከእያንዳንዱ ዕቃ ቀምሶ ካላሳየ አይገባም። መርዝ እንዳይኖር ነው ይላሉ።

የገና ጾም ይዤ ነበር። ባሚያው በዘይት ስለሆነ ይመቸኛል። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ሆድ ባሰኝ። ሆድ ሲብሰኝ ደግሞ ጉራዬ ይነሳል። «እኛ ቤት ለገና ሁለት በግ ነው የሚታረደው» ብዬ ክፍሉን በሙሉ አስጎመጀሁት። ውሸቴን ነው። አንድ ዶሮ ነው፣ ለሰባት ሰው።

ሼሁ «አንተ የኛ ስጋ አትበላም፣ አይደል?» አሉኝ።

«አልበላም ሼህ፣ አይክፋዎት።»

«ምን ይከፋል? እኛም ያንተ አንበላም።»

 በማግስቱ ስንቅ ሲመጣ ሼሁ በቀዳዳው ከባለቤታቸው ጋር በበርታ ቋንቋ ብዙ አወሩ። ስለኔ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም።

የገና ዕለት ከሩቅ የቤተክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይሰማል። እናቴን በሐሳብ እየተከተልኩ አረፈድኩ። አሁን ከቅዳሴ ተመለሰች። አሁን ወጡን አሟቀች። አሁን ሁሉም ቀርቧል፣ የኔ ቦታ ባዶ ነው። አሁን እየደወለች ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው ይላታል።

ምሳ ሰዓት ላይ የሼሁ ባለቤት መጡ። በቀዳዳው አየኋቸው፤ ሁለት ዕቃ ይዘዋል። ጠባቂው እንደ ወትሮው «ይቅመሱ እናት» አላቸው። ከገንፎው ቀመሱ። ሁለተኛውን ሲከፍቱት ሽታው ቀድሟቸው ገባ። ዶሮ ወጥ በእንጀራ ነው። ከአርባ ምናምን ቀን በኋላ! 

«ይሄንንም» አለ ጠባቂው።

«ይሄ የኛ ስጋ አይደለም» አሉ። «ክርስቲያን ጎረቤት ነው ያረደ። ሚስቱ ነው የሠራ። ለዚያ ልጅ ነው፣ ለባጃጅ።»

«ለማንም ይሁን። ያልተቀመሰ አይገባም።»

«ዶሮው ግን የኔ ነው» አሉ፣ ይሄ የሚያድናቸው መስሏቸው።

«እኔ ልቅመሰዋ!» አልኩ በቀዳዳው። «ብሞትም በበዓል ነው።»

«አንተ ብትሞት እኔ ነኝ የምጠየቀው።» ጠባቂው ክፉ ልጅ አልነበረም። እሱም በዓሉን ከአገሩ ርቆ ነው የዋለው።

ዞር ብዬ ሼሁን አየሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ተመልሼ ሳይ ባለቤታቸው ከእንጀራው ጫፍ ቆርሰው ወጡ ውስጥ ነክረዋል።  ሊበሉት ነው። ለኔ ብለው።

«ተዉት እናቴ!» ብዬ ጮህኩ። «አይቅመሱ! ይመለስ፣ አልፈልግም!»

«ምን ሆንክ አንተ?» አለ ጠባቂው።

«ሆዴን አሞኛል። ሐኪም ዶሮ ከልክሎኛል።»

«የትኛው ሐኪም?»

«የቡሬው።»

ሳቁን ዋጠና «በቃ ይክደኑት እናት» አላቸው። ቁራሹን ዕቃው ውስጥ መልሰው ከደኑት። ትንሽ ሄድ ብለው ዞሩና በበርታ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው ሼሁን።

«ሞኝ ነው አለ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሌላስ?»

ገንፎውን መሐላችን አስቀመጡ። «እናቱ በደንብ አሳድጓል አለ።»

  ሁልጊዜ ሳህኑን የሚጀምሩት ሼሁ ናቸው፣ በዕድሜ። ያን ቀን እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ። «ዛሬ ያንተ ዒድ ነው፣ ጀምር» አሉኝ። ጀመርኩ። ጾሜን በጾም ምግብ ፈታሁ። ዓይኔን ሲያዩኝ በባሚያው ሚጥሚጣ አሳበብኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያለ ምንም ክስ «ሂድ» አሉኝ። ሼሁ እዛው ቀሩ። ይፈቱ አይፈቱ እስከዛሬ አላውቅም። አሁን ቡሬ ነኝ። ለሰፈር ልጆች የእስር ቤት ወሬ ሳወራ እጨምርበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ሁለት ጠባቂ በቦክስ ጥያለሁ፣ ሌላ ጊዜ አራት። የዶሮውን ነገር ግን ለእናቴ ብቻ ነው የነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስሟ ማነው?» ብላ ነው። አላውቅም። በየቀኑ የእጃቸውን ስበላ ከርሜ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ዘንድሮ ለገና ወጡ ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን ስንጠብቅ፣ እናቴ እንጀራውን ሳትቆርስ ቆየች። «ያችን የአሶሳዋን ሴትዮ ከባሏ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ያገናኝልኝ» አለች።

ሁላችንም አሜን አልን። የኔ ትንሽ ዘገየ።