ሁለቱ የኪልበርን ሰካራሞች

እኔ አንዲት ጠብታ ዝናብ ካየሁ፣ ኪልበርን እስክደርስ ጎርፍ ትሆናለች፤ ካምደን ስደርስ ሁለት አውቶቡስ ወስዳለች። ይህን ምላስ ይዤ ሥራ ያገኘሁት ሐሜት በሃይማኖት ሕግ ከተከለከለበት ቤት ነው፤ ለንደን ውስጥ ከሰቨን ሲስተርስ ፈንጠር ብሎ ካለ የአይሁድ ዳቦ ቤት። በቫን ዳቦ አደርሳለሁ።

ባለቤቱ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ አዛውንት ናቸው። ስለ ሰው አፌን ስከፍት እጃቸው ይነሳል።

«እውነት እኮ ነው!» እላለሁ።

«ውሸትማ ቢሆን ስም ማጥፋት ነው። ሕጋችን እውነቱንም ይከለክላል። ሰሚውም አያመልጥም።»

የምሳ ሰዓታችን ከገዳም ባሰ።

አብሮኝ ቫን የሚነዳ ያገሬ ልጅ ካምደን የምትኖር ነርስ አጭቶ ሠርጉ ተቃርቧል። አንድ ቀን የልጅቷ እናት ደወሉልኝ።

«ጠጪ ነው አሉኝ! ኪልበርን ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲንገዳገድ፣ ሌላ ሰካራም ደግፎት ታይቷል። እሁድ ዘመድ ሰብስቤ ሠርጉን ላፈርሰው ነው። አብረኸው ትሠራለህ፤ መጥተህ የምታውቀውን ተናገር።»

ሌላው ሰካራም እኔ ነበርኩ! ልጁ የመንጋጋ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ማደንዘዣው ገና ሳይለቀው፣ ደግፌ ወደ ቫኑ ስወስደው ነው። ግን እኔን ማን ያምናል? አዛውንቱን አማከርኳቸው።

«ሰውን ከጉዳት ለማዳን መናገር ግዴታ ነው» አሉ። «ግን በዓይንህ ያየኸውን ብቻ። ወሬውን ማን እንዳመጣውም አታንሳ፤ ሌላ ጠብ ትጭራለህ።»

«ትንሽ ቅመም ጣል ባደርግስ?»

«ጨው እንኳ!»

እሁድ የእናትየው ሳሎን ጢም ብሏል። ፊት ለፊቴ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። የዚያን ቀን ከአውቶቡስ መስኮት አፍጥጠው ሲያዩን አይቻቸዋለሁ፤ እኔን ግን ኮፍያ ደፍቼ ስለነበር አልለዩኝም። ሰው ሁሉ ሊስቅ ተዘጋጅቷል። ተነሳሁ።

«ጥርሱን ሲነቀል አብሬው ነበርኩ። ያንገዳገደው ማደንዘዣው ነው። የደገፍኩት እኔ ነኝ። ጠጥቶ አይቼው አላውቅም።»

ተቀመጥኩ። ሰው ቀሪውን ይጠብቃል። ቀሪው ምላሴ ጫፍ ላይ ይዘላል፤ ነከስኩት።

እናትየው ትክ ብለው አዩኝ። «በቃ? ጥርሱ የዝሆን አላከለም? በክሬን አላወጡትም?»

«ጥርስ ነው፣ እትዬ። የሰው ጥርስ።»

«በሉ እውነት ነው!» አሉና ብድግ አሉ። «ይሄ ሰው ሳይጨምር ከተናገረ እግዜር ነው ያናገረው! ሠርጉ አይቀርም!»

«ታዲያ ይሄን ያስወራው ማነው?» አሉ የልጅቷ አጎት። «ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ። አልናገርም።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እልልታው ሲጀመር ግን ከሁሉ በላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው።

ለሠርጉ ማይክ እንደምይዝ ሲነገረኝ፣ ዝም በል እንዳይሉኝ እየፈራሁ አዛውንቱን ጠየቅኳቸው። ጢማቸው እስኪወዛወዝ ሳቁ።

«ሙሽራን ለማሞገስ ማን ከለከለህ? ሊቃውንታችን ሙሽራ ሁሉ ውብ ናት ብለዋል። ሂድና ልቀቀው!»

ለቀቅኩታ! ሙሽራዋን ለማየት ቴምዝ መፍሰሱን እንዳቆመ፣ ድልድዮቹ አንገታቸውን እንዳሰገጉ፣ ባቡሮቹ ሁሉ ለዚያ ቀን ብቻ በሰዓታቸው እንደደረሱ መሰከርኩ። እልልታው ቶተንሃም ድረስ ተሰማ።

ይቺን ግን አልጨመርኩባትም።