አማት የሚያሸንፍ ሱብዉፈር

ጭሮ ውስጥ መኪና ላይ ቴፕና ስፒከር እገጥማለሁ። አንድ ቀን የገለምሶ ሚኒባስ የሚነዳው ጀማል ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር፣ ሱብዉፈር፣ ከነአምፕሊፋየሩ ተሸክሞ መጣ።

«አማቴ ገበያ በሄዱ ቁጥር ጋቢና ይቀመጡና፣ ‹ቀስ በል! ልጄንም አከሳሃት!› እያሉ እስኪወርዱ ይጨቀጭቁኛል። ድምፃቸው እንዳይሰማኝ አድርግልኝ» አለኝ።

የያዘውን አምፕሊፋየር ሳየው ለሱብዉፈሩ አይመጥንም። «ይኼ ደካማ ነው። ትልቁን ላስጩህ ሲል ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ሱብዉፈሩንም ያቃጥልብሃል» አልኩትና አቅሙ የሚመጥን ሌላ ገጠምኩለት።

ልንሞክረው ስንል አማቱ አዴ ዘሃራ ራሳቸው ከተፍ አሉና ጋቢና ገቡ። ጀማል በዓይኑ ጠቀሰኝ። ሙዚቃውን ለቀቅኩት። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ መንገድ ዳር የቆሙት ፍየሎች ተበተኑ። አዴ ዘሃራ ግን ደረታቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሴትዮዋን የገደልኳቸው መስሎኝ ቶሎ አጠፋሁት።

«አዴ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?»

ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማሻአላህ! ድምፅ ማለት ይኼ ነው!» አሉና ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ማይክ ይቀበላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።